«ልዩነት» የሚለው ዓምድ

«ዱቄቱን አሊዩ አምባ አውርደሽ ሸጠሻል፤ ልጅሽ ከስታለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣልሽ?»

ንጋቷ ይህን የሰማችው በካርድ ክፍሉ ጠባብ መስኮት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ከክሊኒኩ ቆርቆሮ ላይ ገና አልለቀቀም፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ተናጋሪው ደብረ ብርሃን ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው አዲሱ ጤና ረዳት ጓድ ዘርአ ዳዊት ነው። ድምፁን ከፍ ያደረገው ኩብራ እንድትሰማው አልነበረም፤ ኩብራማ ክንዱ ሥር ቆማለች። ሌሎቹ እንዲሰሙት ነው። ኩብራ የስምንት ወር ልጇን ሰሊሃን እንዳዘለች ዓይኗን ከጫማዋ ላይ አላነሣችም።

«ወላሂ፣ አንዲት ጣሳ አልሸጥኩም» አለች ቀስ ብላ።

«ወላሂሽን ለቀበሌ ንገሪ። ባለፈው ሳምንት ጆንያ ይዘሽ መኪና ላይ ስትወጪ ያየሽ ሰው አለ።»

«ድንች ነው። እናቴ ታማብኝ ድንችና አንድ ኪሎ ስኳር ይዤላት ወረድኩ።»

«ድንች» አለ ወደ ተሰለፉት ዞር ብሎ፣ የሚስቅለት ሰው የሚፈልግ ይመስል። ማንም አልሳቀለትም። «ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ትመጣለች። ዱቄት እየወሰዳችሁ ልጅ ያከሳችሁ ሰባታችሁም እዚህ ትቀርባላችሁ። ከእርዳታው መሰረዙን እኔ እጨርሳለሁ፤ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ።»

የቀረው ምን እንደሆነ ኮሪደሩ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ዓመቱ ሰባ ስምንት ነው፤ ያ የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ገና ከሰው አጥንት ላይ አልወረደም። «የእርዳታ ዱቄት ሸጠች» የተባለች ሴት ስሟ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ይነበባል፤ የስኳርና የሳሙና ኩፖኗ ይያዛል፤ ባሏ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ ደፍቶ ይወጣል። ሰዎች ደግሞ ሸጠች የተባለውን ረስተው «ያቺ ልጇን ያስራበች» ይሏታል። ይህኛው ከኩፖኑ ይብሳል።

ንጋቷ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጓድ፣ የሚነግድ ሰው ከመሳፈሪያው ዋጋ የሚበልጥ ነገር ይጭናል እንጂ እናቱን ሊጠይቅ አይወርድም» ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው። በጊዜያዊነት የተቀጠረች መዝገብ ያዥ ናት፤ በወር ሃምሳ ብር፤ ያቺንም ሃምሳ ብር በምላሷ ምክንያት ሁለት ጊዜ ልታጣት ነበር። ኩብራ ግን የግቢዋ ሰው ናት። በአንድ ግቢ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተው፣ ለቀበሌው በወር ስምንት ስምንት ብር እየከፈሉ ይኖራሉ። ንጋቷ ከመዘዞ ተነሥታ አክስቷ ዘንድ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ጥሏት፣ አክስቷ ሥራ ውላ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አጥሚት እያፈላች በማንኪያ ያጎረሰቻት ኩብራ ነበረች፤ ያውም የመጀመሪያ ልጇን ቀብራ ዓመት ሳይሞላት። ባሏ ረሺድ ከአሊዩ አምባ በርበሬ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር፤ አህዮቹ በድርቁ ካለቁ ወዲህ የሰው ጆንያ ይሸከማል። ንጋቷ ውለታ የማትወድ ሴት ናት። ውለታ እንደ እከክ ነው የሚያሳክካት። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት አራት ዓመት ሙሉ ሲያሳክኳት ኖረዋል።

ጥቂት ቆይቶ ዘርአ ዳዊት ወደ ካርድ ክፍሉ ገባና ሰባት ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «የእነዚህን ልዩነት ሥሪልኝ። ከሪፖርቱ ጋር አያይዘዋለሁ። እኔ አውራጃ ስብሰባ አለኝ፤ በስምንት ተኩል እመለሳለሁ» አለና የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሸመነውን ግራጫ ሻሉን አንገቱ ላይ አዙሮ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። በጊዜው ይገባል፣ መርፌ አይሸጥም፣ ዘመድ አያስቀድም። ችግሩ እውነት በደብዳቤ የተላከችለት የሚመስለው መሆኑ ነበር።

መዝገቡ ሰፊ፣ ጀርባው ጥቁር ነው። ቀን፣ የልጅ ስም፣ የወላጅ ስም፣ ሰፈር፣ ዕድሜ፣ ክብደት ይልና ዳር ላይ «ልዩነት» የሚል ጠባብ ዓምድ አለው፤ ያ ዓምድ ከተሰመረ ጀምሮ ባዶ ነው። ለየልጁ ካርድ ቢኖር ባላስፈለገም ነበር፤ ካርዱ ካለቀ ግን ዓመት አልፎታል፤ «ከላይ ይመጣል» እንደተባለ ነው። ልጆች በመጡበት ተራ ስለሚጻፉ የአንዱ ልጅ ስም በጥቅምት ገጽ ከላይ፣ በኅዳር ከታች፣ በታኅሣሥ መሐል ላይ ይገኛል። ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለማለት የዛሬውን መስመር በጣት ይዞ ወደ ኋላ መግለጥ፣ የዚያኑ ልጅ ያለፈ መስመር ፈልጎ ማግኘትና መቀነስ ነው። ከዘርአ ዳዊት በፊት በቦታው የነበረው ድሬሰር ጋሼ ኪዳነ ማርያም ይህን በቃሉ ይሠራው ነበር። ልጁ ገና ከእናቱ ጀርባ ሲወርድ «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ስድስት ከሁለት መቶ ነበርክ፤ ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?» ይላል። በኅዳር መጨረሻ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ወደ ሰላ ድንጋይ ሲሄድ ሠራተኛው አዋጥቶ የአሥራ አራት ብር ፔርሙስ ሰጠው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ንጋቷን መቀነስ ያስተማራት እሱ ነው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ መዘዞ አንድ ዛፍ ሥር ነው፤ ሒሳቡን ግን ከዚህ መዝገብ ለቀመችው። መጀመሪያ ቀን «ሞክሪ» ብሏት በብጣሽ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ልጅ ከበላዩ ካለው መስመር ላይ ቀነሰችው፤ አንዷ ጨቅላ በአንድ ጊዜ አምስት ኪሎ ከሰረች፤ ከበላይዋ የተጻፈው ሁለት ዓመት ያለፈው ወጠምሻ ነበርና። ጋሼ ኪዳነ ማርያም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ንጋቷ፣ የሰው ልጅ ከሰው ልጅ አይቀነስም» አላት። «ልጅ የሚቀነሰው ከራሱ ላይ ብቻ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ልጅ ደግሞ ዜሮ ጽፋ አገኛትና በላጲስ አጠፋው። «ዜሮ ማለት መጥቶ ነበር፣ አልጨመረም፣ አልቀነሰም ማለት ነው። ይሄ ገና መምጣቱ ነው። ከምን ላይ ትቀንሺዋለሽ? ባዶ ተዪው።» ሌላም ያላት ነገር ነበር፤ ያኔ አልገባትም እንጂ፦ «ሚዛን ይዋሻል። ሁልጊዜ እኩል እስከዋሸ ድረስ ግን ልዩነቱ እውነት ነው። አንቺ ልዩነቱን ያዢ።»

ከሰባቱ የመጀመሪያዋ ኩብራ ነበረች። ሰሊሃ ረሺድ፤ ኅዳር ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ፣ ታኅሣሥ ስድስት ኪሎ ከአምስት መቶ። አራት መቶ ግራም ጎድላለች። ንጋቷ ሁለት ጊዜ ቀነሰችው፤ ሁለት ጊዜም ያው ሆነ። በዚያች ደቂቃ፣ ይህን ለማንም አልነገረችም፣ ኩብራን ጠረጠረቻት። ማታ ማታ በግድግዳው የሚሰማት የሰሊሃ ልቅሶ ትዝ አላት፤ የረሺድ ዝምታ ትዝ አላት። ከዚያም በራሷ አፈረችና እርሳሷን በምላጭ መቅረጽ ጀመረች። ሰባቱን ስትጨርስ ሰባቱም ጎድለዋል። ወረቀቱ ሰባት ብቻ ነበር የሚለው። ግን ረጅሙን ዓምድ አየችው፤ እዚህም እዚያም ሰባት ቦታ ብቻ ተሞልቶ፣ ጥርሱ የረገፈ አፍ መስሏል። ንጋቷ ያልተጨረሰ ሥራ አይዋጥላትም። ደግሞም ኩብራን ከሰው ሁሉ ለይቶ የወቀሳት መዝገብ ስለ ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ማወቅ አማራት። ከታኅሣሥ የመጀመሪያ መስመር ጀመረች።

ሠላሳ ስምንት ልጅ ነው። አራቱ አዲስ ናቸው፤ ባዶ ተወቻቸው። የቀሩት ሠላሳ አራት ወደ ኋላ ተገለጡ። የሻምበሉ ሚስት ልጅ፣ ጉንጩ ዓይኑን የሸፈነው፣ አራት መቶ ጎድሏል። የመምህሯ መንታዎች አንዱ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ አንዱ ሦስት መቶ። ዱቄት የሚወስዱት ጎድለዋል፤ ዱቄት በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ጎድለዋል። በአምስት ሰዓት ላይ ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ እግሯ ደንዝዞ፣ አንድ መስመር ላይ እርሳሷ ቆመ። ልጅ፦ ገብረአብ ዘርአ ዳዊት። አባትየው በመጣ በሳምንቱ፣ ጋሼ ኪዳነ ማርያም ሥራ እያስረከበ ሳለ፣ የተመዘነ። ኅዳር ስምንት ኪሎ ከሰባት መቶ፤ ታኅሣሥ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ። ሦስት መቶ ግራም። ሰውየው የድሆቹን ልጆች መስመር እያደነ ሲገልጥ የራሱን ልጅ መስመር በጣቱ አልፎት ሄዷል።

ስትጨርስ ሠላሳ ሦስቱ ጎድለው አንዱ ባለበት ቆሟል። አንድም የጨመረ የለም። አንድ ወረርሽኝ ከተማውን ሁሉ በአንድ ወር እኩል ሊልሰው አይችልም፤ ሰባ ሰባት እንኳ እንዲህ በእኩል አልነካም። «ሚዛኑ ነው» አለች ለራሷ፣ ተነሥታም በግቢው በር ወጥታ የቀበሌው ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ ገብረጻድቅ የስኳር ሰልፈኛ እየተቆጣ ነበር።

«የሁለት ኪሎ ብረትዎን ለአሥር ደቂቃ ያውሱኝ» አለችው።

«ምን ልታደርጊው?»

«ላስመዝነው።»

«ምነው፣ ከሳብሽ?» አለ ገብረጻድቅ። ሰልፈኛው ሳቀ። «ብረቴ ሰው እንዳይመስልሽ፤ ከእናንተ ዘንድ ሄዶ ቀንሶ ቢመለስ ጉዳችን ነው።» ግን ሰጣት።

ብረቱን በጉያዋ ይዛ ገባች። የሕፃናቱ ሚዛን ጥግ ላይ ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ሳህን፣ ከፊቱ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ መለኪያ። ብረቱን አስቀመጠች፤ ገፋች፤ ሁለት ኪሎ። ድጋሚ፤ ሁለት ኪሎ። ሚዛኑ አልዋሸም። ቁጥሮቹ አልተሳሳቱም። እና ሠላሳ ሦስት ልጅ ከስቷል። ንጋቷ እጇን በባዶው ሳህን ላይ አሳርፋ ቆመች፤ የሳህኑ ብረት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ አንድ ነገር እጇ ሥር የጎደለ መሰላት፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ቤት ሄደች። ሌላ ቀን ምሳዋን ቢሮ ነበር የምትበላው። አክስቷ እትዬ ይመኙሻል የዚያው ክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ዛሬ እሮብ ነው፤ እሮብ እሮብ ከሰዓት ስለምትገባ ቤት ናት። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ሃያ ዓመት ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ ስትጠርግ ጉልበቷን ቁርጥማት በልቶታል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ፣ መስኮቱ ሥር መደብ። ንጋቷ በሩን ስትገፋው አክስቷ መደቡ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ሽሮዋን በትሪ ትበላ ነበር። ንጋቷን ስታይ ጉርሻዋን ሳትውጥ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሳበችና የተቀመጠችበትን ሸፈነች። ሴት ልጅ የተቀመጠችበትን የምትሸፍንበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ንጋቷ አፍራ ዞር ልትል ነበር። የቀሚሱ ጠርዝ ግን አንድ ጥግ አልደረሰበትም። ነጭ ጠጉር ታየ፤ በጠጉሩ ላይ የሳንቲም ያህል ቡናማ የአዮዲን እድፍ።

ሚዛኑ ላይ ይነጠፍ የነበረው የጠቦት አጎዛ ነው። አምና በታኅሣሥ አንዲት እናት ልጇን አራቁታ ያን ብረት ሳህን ላይ ስታስተኛው ልጁ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ ከንፈሩ ጠቆረ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጋሼ ኪዳነ ማርያም ከሴት ልጁ ሠርግ የተረፈውን የጠቦት አጎዛ በብብቱ ይዞ መጣ፤ በክሊኒኩ መቀስ እንደ ሳህኑ አድርጎ ከረከመው፤ አነጠፈው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሲመዘኑ ማልቀስ ተዉ። ዓመት ሙሉ የሚዛኑ አካል ሆኖ ኖረ፤ እንዲህ ሆኖ ስለኖረም ጋሼ ኪዳነ ማርያም ሥራ ሲያስረክብ ስለ አጎዛው አንድ ቃል መናገር አልታወሰውም። ዘርአ ዳዊት ብቻውን በቀረ በመጀመሪያው ቀን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ የጀርም ጎጆ ነው፤ ውሰጂና አቃጥዪው» ብሎ ለእትዬ ይመኙሻል ሰጣት። በማግሥቱ «አቃጠልሽው?» አላት፤ «አቃጠልኩት» አለችው።

ንጋቷ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሁልጊዜ እኩል እስከዋሸ ድረስ። ዓመት ሙሉ ልጅ ሁሉ ከነአጎዛው ሲመዘን ኖሯል፤ ውሸቱ ከላይም ከታችም እኩል ስለነበር ሲቀናነስ ይጠፋ ነበር። በታኅሣሥ አጎዛው ወጣ፤ ልጆቹ ሁሉ፣ በወሩ የጨመሩት ሳይቆጠር፣ የአጎዛውን ያህል ከሱ።

«እትዬ፣ ስንት ይመዝናል?»

እትዬ ይመኙሻል ትሪውን አራቀች። አክስትየዋ የምታስበው ግልጽ ነበር፤ የመንግሥት ቤት ዕቃ፣ ቃጠሎ ታዞበት፣ ተቃጠለ ተብሎ ቃል ተሰጥቶበት፣ ከመደቧ ላይ ሲገኝ። ቆዳ ነጋዴ ሰባት ብር አይሰጥበትም፤ ግን ለሰባት ብር ጡረታው የቀረ ሰው ታውቃለች። ንጋቷም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ስለ ሠላሳ አራቱ ልጆች፣ ስለ ኩብራም፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓቱም ነገረቻት። «ስጪኝ» አላለችም። ሕይወቷን ሙሉ ለመናገር ቸኩላ የተጸጸተች ልጅ ያን ቀን ዝም ማለት ቻለች።

«ለጉልበቴ ብዬ ነው» አለች እትዬ ይመኙሻል በመጨረሻ። «ደሞም እንዴት አድርጌ ላቃጥለው? የስንቱ ሕፃን ገላ ያረፈበት ነው።» ቆይታ ደግሞ፣ «ያን ዕለት በትኩሳት ስትወራጪ ኩብራ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹አንቺ ሥራሽን ሂጂ፣ እሷን ለእኔ ተይ› ነው ያለችኝ። ያን ቀን ብቀር ኖሮ ከሥራ ተባርሬ ነበር።» ተነሣች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ አጎዛውን ጠቀለለችው፤ ነጠላዋ ውስጥ ልትሸጉጠው ጀምራ ተወችና በብብቷ እንደ ጋዜጣ ያዘችው። «ቅደሚ» አለቻት። «አይ፣ እኔ ልቅደም።»

በዘጠኝ ሰዓት ሰባቱ እናቶች መመዘኛው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ጓድ አፊፋ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች፤ ብዙ ያየች፣ ቶሎ የማትደነቅ ሴት። እትዬ ይመኙሻል ከበሩ ውጪ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ዘርአ ዳዊት «ልዩነቱን አምጪ» አለ።

«ሠርቼዋለሁ፤ ግን ሁሉንም ነው የሠራሁት» አለች ንጋቷ መዝገቡን እንደታቀፈች። «ከፈቀዱልኝ አንድ መስመር ላንብብ። ስምንት ኪሎ ከሰባት መቶ የነበረ ልጅ ስምንት ከአራት መቶ ሆኗል። ሦስት መቶ ግራም ቀንሷል። የዚህም እናት ዱቄት ሸጣ ነው?»

«ማን ናት? ከሰባቱ ናት?»

«ከሰባቱ አይደለችም። ልጁ ገብረአብ ይባላል።»

ዘርአ ዳዊት እጁን ዘረጋ፤ መዝገቡን ተቀበለ፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። ንጋቷ ይቆጣል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ለቁጣው የሚሆን መልስም በኪሷ ይዛ ነበር። እሱ ግን ቀለሙ ተለወጠ። «ጠዋት ደህና ነበር» አለ። «ገንፎ በልቶ... ደህና ነበር።» ድምፁ ያ የኮሪደሩ ድምፅ አልነበረም። የአባት ድምፅ ነበር፤ ኩብራም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ንጋቷ ያዘጋጀችው መልስ ኪሷ ውስጥ ቀረ።

«ደህና ነው ጓድ» አለች ቶሎ ብላ። «ገጹን ወደ ታች ይዩት። ሁሉም ቀንሷል። የሻምበሉም፣ የመምህሯም። ሚዛኑን በሁለት ኪሎ ብረት ፈትኜዋለሁ፤ ልክ ነው። የጎደለው ከልጆቹ ላይ አይደለም።» ከዚያ ወደ በሩ አየች፤ አልጠራችም። እትዬ ይመኙሻል መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች፤ ማንንም ሳታይ ሳህኑ ላይ አጎዛውን አነጠፈችው፤ እንደ ድሮው፣ እድፉን ወደ ግርጌ አድርጋ። ንጋቷ መለኪያውን ገፋች። ስድስት መቶ ግራም።

ዘርአ ዳዊት ሞኝ አልነበረም፤ ቁጥሩን አየ፣ ገጹን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። ከዚያ ወደ እትዬ ይመኙሻል ዞረ።

«አቃጥዪው ብዬሽ ነበር።»

«አዎን፣ ብለውኛል።»

«አቃጠልኩት ብለሽኛል።»

«አዎን፣ ብዬዎታለሁ።»

ጓድ አፊፋ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ዘርአ ዳዊት የሻሉን ጫፍ በጣቱ ሲያፍተለትል ቆየና «እንኳንም ዋሸሽኝ» አለ። ቀጥሎም ወደ ኩብራ ሄዶ «ልጅቷን ስጪኝ፣ እኔው ልመዝናት» አለ። ሰሊሃ አጎዛው ላይ ተኛች፤ እግሯን ሰቅላ ጠጉሩን በጣቷ ጨበጠች፤ አላለቀሰችም። ሰባት ኪሎ ከአንድ መቶ። ንጋቷ በእርሳሷ አራት መቶውን ሰረዘች፤ ከኅዳር ላይ ቀነሰች፤ «ሁለት መቶ ጨምራለች» አለች ጮክ ብላ፣ ኮሪደሩም እንዲሰማ። ኩብራ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ድንቹስ?» አለች ጓድ አፊፋ እየተነሣች።

«ድንቹ ድንች ነበር» አለ ዘርአ ዳዊት።

ከዚያ ከንጋቷ ጋር ተቀምጠው በሠላሳ አራቱ ልዩነት ላይ ስድስት ስድስት መቶ ሲመልሱ ዋሉ። ሠላሳ ሦስቱ ጨምረው ተገኙ። አንዱ ግን፣ የወፍጮ ቤቱ ሰው ልጅ አብዱልሀሚድ፣ ስምንት መቶ ቀንሶ ነበርና ከተመለሰለትም በኋላ ሁለት መቶ ጎደለ። ዱቄት የማይወስድ ቤት ስለሆነ ማንም ገልጦ አላየውም ነበር። ዘርአ ዳዊት ቦርሳውን አንሥቶ እሱን ፍለጋ ራሱ ሄደ፤ ከመውጣቱ በፊት አጎዛውን እንዳይነኩት፣ የሚዛኑን ብሎን ግን ከነአጎዛው ዜሮ እስኪል እንዲያጠብቁት አዘዘ። እትዬ ይመኙሻል «ማክሰኞ ማክሰኞ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ» አለች። ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ የክሊኒኩ አጎዛ ከዚያ ወዲህ የእሷ ሥራ ሆነ። ለጉልበቷ የሚሆን ሌላ አጎዛ በወሩ ከዘርአ ዳዊት ቤት መጣላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩብራ ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ቆማ ንጋቷን ጠበቀቻት። አንድ ግቢ ስለሚገቡ አብረው መሄዳቸው የሚያስደንቅ አልነበረም። በመንገዱ ኩብራ ስለ እናቷ ሳል ተናገረች፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ተናገረች። በሩ ላይ ሲደርሱ «ንጋቷዬ፣ ምን እላለሁ» አለች።

«ምንም አትዪ» አለች ንጋቷ ኮስተር ብላ፤ ከዚያ ደግሞ፣ «የእነዚያ የዘጠኝ ቀናት አጥሚት ነው። ገና ስምንቱ ይቀረኛል።»

ኩብራ ሳቀች። «ቆጥረሽ ነበር እንዴ? እኔ አንድም ቀን አልቆጠርኩ።»

ንጋቷ ቤቷ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ አጎዛው የነበረበት ቦታ ቀዝቅዟል። አራት ዓመት የኩብራን ውለታ ከራሷ መልካምነት ላይ እየቀነሰች ስንት እንደቀረባት ስታሰላ ኖራለች፤ ይህም እንደ መጀመሪያ ቀኗ የመዝገብ ስህተት እንደሆነ አሁን ገባት። ሰው ከሰው አይቀነስም። እከኩ ጠፍቶ ነበር፤ በቦታው የቀረው ሙቀት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይገባ መዝገቡን ከፈተች። በታኅሣሥ መጨረሻ መስመር ሥር በቀለም ጻፈች። የልጅ ስም፦ አጎዛ። የወላጅ ስም፦ ኪዳነ ማርያም። ሰፈር፦ ሰላ ድንጋይ። ክብደት፦ ስድስት መቶ ግራም። «ልዩነት» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አነሣች፤ ከእሱ በፊት የተጻፈ መስመር አልነበረውምና፣ እንዳስተማራት ባዶ ተወችው።